ከወፍጮው ጀርባ ያለው ጉድጓድ

ሰው ሁሉ የሚያውቅበት ነገር አለው፤ እሷ የምታውቅበት ስህተት ማግኘት ነው። በልብስ ፋብሪካው መስመር መጨረሻ ላይ ቆማ የተሰፋውን ሸሚዝ ሁሉ ገልብጣ ታያለች፤ የዘለለ ስፌት ካለ ጣቷ ራሱ ይቆማል። የመለሰችውን ፈትቶ እንደገና መስፋት ማንም አይወድምና ሰፊዎቹ ስትመጣ ሲያዩዋት ፊታቸውን ያዞራሉ። እናቷ እንኳ «አንቺን የሚያገባ ምስኪን ሸሚዙን ገልብጦ አሳይቶሽ ነው ከቤት የሚወጣው» ትላታለች። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ኦንላይን ጨዋታ ውስጥ ገብታ ምን ታደርጋለች? ሌላው ሰው ጭራቅ ያሳድዳል። እሷ ተጫዋቾች የሠሩትን ካርታና መመሪያ ይዛ ቦታው ድረስ እየሄደች ትክክል መሆን አለመሆኑን ታጣራለች። ለዚህ ደግሞ ማንም አልቀጠራትም።

ጨዋታው ሰፊ ምድር ነው፤ ተራራ፣ ዋሻ፣ የፈራረሰ ከተማ፣ ሁሉ አለበት፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ባንድ ጊዜ ይገባበታል። የሠሩት ሰዎች ያንን ሁሉ ሲሠሩ ካርታ አልሠሩለትም። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እየሠሩ አንድ ድረ ገጽ ላይ ያወጣሉ፣ የተጠቀመበት ሰው ደግሞ ከሥር አስተያየቱን ይጽፋል። እዚያ ስሟ «ወንፊት» ነው። ወንፊት ማሽሞንሞን አታውቅም። «ይህ ድልድይ ተሰብሯል፤ ካርታህ ግን ያሻግራል» ብላ ትጽፋለች፣ ስክሪንሹት ታያይዛለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሰላምታ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ።

ታናሽ ወንድሟ ከካርታ ሠሪዎቹ አንዱ ነው። «ቀያሹ» ይሉታል። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል፤ ያም ቤት ሊዘጋ ነው፣ ባለቤቱ ማሽኖቹን ለገዢ ማሳየት ጀምሯል። ወንፊት ማን እንደሆነች ወንድሟ አያውቅም። እንዴት ሊሆን ቻለ ብትሉ ጥፋቱ የራሱ ነው። የመጀመሪያውን ካርታ ሠርቶ ሲያሳያት አንድ ነገር ልትለው ገና አፏን ስትከፍት፣ «እትዬ፣ ተይው በቃ። አንቺ እህቴ ነሽ፤ ጥሩ ነው ከማለት ሌላ ምን ትያለሽ? እኔ የባዕድ ሰው አስተያየት ነው የምፈልገው» አላት። ባዕድ ፈለገ፤ ባዕድ ሆነችለት። ስም አወጣችና ጻፈችለት። መልስ አልሰጣትም። ሌላ ጻፈች፤ አሁንም ጭጭ። ትዕቢቱ ነው ብላ አለፈችው እንጂ መጻፏን አልተወችም፤ ጽፋ ከላከች በኋላ ግን ገጹን ተመልሳ አይታው አታውቅም። እልኸኛ ናት፤ እሱም እልኸኛ ነው፤ ሁለቱም ከማን እንደወረሱት እናታቸው ታውቃለች።

እንግዲህ የጨዋታው ባለቤቶች ውድድር አወጡ። ተጫዋች ከሠራቸው ካርታዎች የበለጠው ተመርጦ ጨዋታው ውስጥ ሊገባ ነው፣ የሠራው ሰው ደግሞ በካርታ ክፍላቸው ሊቀጠር ነው። ሲጣራ ሲጣራ ሁለት ሰው ቀረ፦ ቀያሹና «ፈጣኑ» የሚባል አንድ ሰው። ኮሚቴው ሁለቱን ቅዳሜ አሥር ሰዓት በኢንተርኔት ስብሰባ ሊያነጋግራቸው ቀጠረ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ወንፊት በፋብሪካው ሰርቪስ ተቀምጣ ሁለቱን ካርታዎች ለመጨረሻ ጊዜ አየቻቸው። ሁለቱም ላይ ከአሮጌው ወፍጮ ጀርባ የውሃ ጉድጓድ አለ ይላል። እሷ ደግሞ ዋዜማውን እዚያው ወፍጮ ጀርባ ቆማ ነበር፤ ሣር እንጂ ጉድጓድ የለም። ወንድሟ ነው ብላ ልታዳላ አልፈለገችም፣ ሁለቱንም ካርታዎች ጎን ለጎን አድርጋ ስክሪንሹት አነሳችና ለሁለቱም ያንኑ ቃል ላከች፦ «ሁለታችሁም ከወፍጮው ጀርባ ጉድጓድ አድርጋችኋል። የለም። ሄጄ አይቻለሁ።» ስልኳ ቦታ የለውም፤ እንደ ልማዷ ከላከች በኋላ ፎቶውን አጠፋችው። ሰርቪሱ ፋብሪካው በር ሳይደርስ ፈጣኑ መለሰ፦ «ተባረኪ ወንፊት። አጥፍቼዋለሁ።» ቀያሹ እንደወትሮው ዝም።

ሁለቱ ካርታዎች አንድ ዓይነት ስህተት ሲደጋግሙ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ በደጋገሙ ቁጥርም ለሁለቱም ጽፋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ምንድን ነው ነገሩ ይል ነበር። እሷ ግን ሁለቱም ከድሮው የጨዋታው ቅጂ የቀዱ መስሏት አለፈች። ስህተት ካየች ዓይኗ ሌላ አያይም።

ቅዳሜ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቤት ስትደርስ ወንድሟ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ግቢ እትዬ፣ ግቢና ዝጊው።»

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት። የላፕቶፑ ክዳን ስለሚወድቅ ከኋላው የልብስ መተኮሻ አስደግፎታል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጎማ ጥገና ቤት ኮምፕረሰሩን ባስነሳ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ወንድሟ ፊቱ በርቷል፤ እንዲህ ሆኖ ካየችው ቆይታለች።

«ፈጣኑ ካርታዬን ሰርቆኛል» አላት፣ ሰርግ የተጠራ ይመስል እየሳቀ።

«ተሰርቀህ ነው የምትስቀው?»

«ያዝኩታ! ወጥመድ አስቀምጬለት ነበር።»

ካርታ ሠሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። አንድ የሌለ ነገር ካርታቸው ላይ ያደርጉና አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ለወዳጅም ለዘመድም አይናገሩም፣ ከተነገረ ወጥመድነቱ ቀረ። ያ የሌለ ነገር ሌላ ሰው ካርታ ላይ ከተገኘ ግን ቦታውን ሄዶ አላየም፣ ሰርቋል ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

«ከወፍጮው ጀርባ ጉድጓድ አደረግሁ» አላት ቀያሹ። «የለም እኮ፤ ሣር ነው። ለውድድሩ ሳስገባ ለኮሚቴው ብቻ በምስጢር አሳውቄያለሁ። ትናንት የፈጣኑን ካርታ ስከፍት ጉድጓዴ ቁጭ ብሎልሻል። ዛሬ ክሱን ጻፍኩ። አሥር ሰዓት ላይ እነሱው ከፍተው ያዩታል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስክሪንሹት አንስተሃል?» አለችው። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት።

«ለምን አነሳለሁ? እዚያው አለ አይደል? ካርታው ላይ።»

አያችሁት? ወጥመድ ያጠመደ ሰው የያዘውን ማሰር ይረሳል። የሰው ልጅ ብልጥ የሚሆነው እስከ ግማሽ መንገድ ነው።

«ካልተገኘስ?»

«ከሶ ያላስረዳ ከውድድሩ ይወጣል፤ ደንባቸው ነው። ግን ምን ሆኖ አይገኝም?» ብሎ እጁን አፋተገ። «እትዬ፣ ይሄ ሥራ ከተገኘ እኮ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ወጣሁ። በቃ፣ ሰው ሆንኩ።»

ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ማድ ቤት ገብታ ስልኳን ከፈተች። የፈጣኑ ገጽ ላይ ጉድጓዱ የለም። የጻፈችው አስተያየትም የለም፤ ስህተቱን አርሞ አስተያየቱንም «ተባረኪ» ያለበትንም ጠራርጎ አጥፍቶታል። ወደ ወንድሟ ገጽ ሄደች። እዚያም የለም። የዛሬው ብቻ ቢሆን ምን አላት፤ የዛሬው፣ የትናንቱ፣ የመጀመሪያው፣ እስከዛሬ የጻፈችለት ሁሉ የለም። አንድም አልቀረ። ያን ሁሉ ወራት አጠፋብኝ ማለት ነው ስትል ንዴትና ጥፋተኝነት አንድ ላይ መጡባት። የቱን እንደምታስቀድም እንኳ አላወቀችም።

እናቷ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀምጣ አየቻት። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ነገረቻት። እናትየው ስለ ካርታውም ስለ ጨዋታውም የምታውቀው ነገር የለም፤ ጥፋት ግን ጥፋት ነው፣ የትም አገር ቋንቋው አንድ ነው።

«አውቀሽ ነው ያጠፋሽው?»

«ኧረ በምን አውቄ!»

«ይሄን ያደረግሽ አንቺ መሆንሽን እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ግቢና ንገሪው» አለች እናትየው፣ ቢላዋን መልሳ እያነሳች። «ካንቺ አፍ ሲሰማው ይናደዳል፤ ከሰው አፍ ሲሰማው ይቆርጥሻል።»

ልክ ናት። ልክ መሆኗን እያወቀች ግን እግሯ አልታዘዝ አላት። በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ውስጥ ሸሚዙን ሲቀይር፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ቀያሹ ነኝ» እያለ ለብቻው ሲለማመድ ትሰማዋለች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በመጨረሻ እጀታውን ጨብጣ ስትገባ ላፕቶፑ መጥራት ጀመረ። አሥር ሰዓት ሞልቶ ኖሯል።

«ቁጭ በይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ» አላት፣ ወንበሩን እያስጠጋላት።

ሰብሳቢዋ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ስትናገር የምትቸኩልበት ነገር የለም፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። ፈጣኑ ካሜራውን አልከፈተም፤ ድምፁ ብቻ ነው ያለው፣ ድምፁ ደግሞ ቅቤ ነው።

«አቶ ቀያሹ፣ ክስዎ ደርሶናል» አለች ሰብሳቢዋ። «ከውድድሩ በፊት ስለ ጉድጓዱ ያሳወቁንም እጃችን ላይ አለ። አሁን የፈጣኑን ካርታ በሁላችንም ፊት እከፍታለሁ።»

ካርታው ስክሪኑ ላይ መጣ። ወፍጮው ቀረበ። ጀርባው ታየ። ሣር።

ወንድሟ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ ዓይኑን አሸ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ከጎኑ ሆና አየችው። «ትናንት ነበር» አለ። «በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ወንድሜ፣ አይዞህ፤ ሰው ሲጨነቅ ብዙ ነገር ያያል» አለ ፈጣኑ። «እኔ ቂም አልይዝም። ካርታዬ ግን ንጹሕ ነው፤ መግለጫዬ ላይ እንደጻፍኩት እያንዳንዱ ነጥብ በወንፊት የተጣራ ነው። ወንፊትን የማያውቅ የለም መቼም።»

«ማስረጃ አለዎት?» አለች ሰብሳቢዋ ወደ ወንድሟ። ከሥር ኮምፕረሰሩ ተነሳ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ የሚወድቀውን ክዳን በእጁ ደገፈ።

«ማስረጃ ከሌለ ደንቡን ያውቁታል።»

«ጉድጓዱን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች እህቱ።

ራሷም መናገሯን ያወቀችው ወንድሟ ዞሮ ሲያያት ነው። ዓይኑን ብታየው እንደማትጨርስ አውቃ ወደ ስክሪኑ ብቻ ተናገረች።

«ወንፊት እኔ ነኝ። የቀያሹ እህት ነኝ። ዛሬ ጠዋት ጉድጓዱን ሁለቱም ካርታ ላይ አገኘሁት። ወጥመድ መሆኑን አላወቅሁም። ለሁለቱም ጻፍኩ። ፈጣኑ አመስግኖኝ አጠፋው፤ አስተያየቴንም አጠፋው።»

ፈጣኑ ሳቀ። «ይኸው፣ ራሷ ነገረቻችሁ። እህቱ ናት! ወንድምና እህት ቤት ተቀምጠው የዶለቱት ነው። ለሁለታችንም ጻፍኩ ካለች የሱ ገጽ ላይ ታሳየና።»

«የለም» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እሱም አጥፍቶታል። እስከዛሬ የጻፍኩለትን ሁሉ።»

«አላጠፋሁም» አለ ወንድሟ።

የዚህን ጊዜ ዞራ አየችው። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ የታየው ሐፍረት ነው፣ የትምህርት ቤት ልጅ ሐፍረት።

«ወንፊትን ብሎክ አድርጌያት ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን። አንዴ ብሎክ ከተደረገች እሷ የምትጽፈው ለሌላ ሰው አይታይም፣ ለራሷም አይታይም፤ የታገዱ የሚል ሣጥን ውስጥ ይከማቻል። ከፍቼው አላውቅም።»

«ይክፈቱታ» አለች ሰብሳቢዋ።

ከፈተው። ስክሪኑን ለኮሚቴው አሳየ። አስተያየቶቹ ተደራርበው ወረዱ፣ ወረዱ፣ ማለቂያ ያላቸው አይመስሉም። ከሁሉ በላይ የዛሬው አለ፤ ጠዋት፣ ክሱ ከመጻፉ በፊት የተላከ፣ ሰዓቱን ድረ ገጹ ራሱ መዝግቦታል። ፎቶው ደግሞ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ያሳያል። ግራ የቀያሹ ጉድጓድ፣ ቀኝ የፈጣኑ ጉድጓድ።

«ፎቶ እንደልብ ይቀጠላል» አለ ፈጣኑ፤ ቅቤው ግን ቀልጧል። «ተመካክረው ነው ያልኳችሁ።»

«ወንፊት የምታጣራው ሁሉ ንጹሕ መሆኑን የጻፉልን እርስዎ ነዎት» አለች ሰብሳቢዋ። «ደግሞም የሚመካከሩ ሰዎች እንዲህ አይብሎካከሩም። ይህ ሰው እህቱን የዘጋት ውድድሩ ሳይታሰብ ነው።»

መልስ ሲጠበቅ የፈጣኑ ድምፅ ጠፋ። ከስብሰባው ወጥቷል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ መስመሩ ላይ የቀረው ባዶ ስሙ ብቻ ነበር።

ወንድሟ ትንፋሹን ለቀቀ፤ እሷም ለቀቀች። ሰብሳቢዋ ግን አልጨረሰችም። ከወዲያ ማዶ የማውሷ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ታነባለች፤ ከላይ እስከታች እያነበበች ነው።

«ካርታው የእርስዎ መሆኑን ተቀብለናል» አለች ቆይታ። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። የፈጣኑን ካርታ ያስበለጥነው ስህተት ስላጣንበት ነበር። አሁን ለምን እንዳጣንበት ገባኝ፤ ይህ ሁሉ እርማት እሱ ጋ ደርሷል፣ እርስዎ ጋ አልደረሰም። ሰርቆ አረመው፤ እርስዎ ሠርተው ዘጉት። ድልድዩ የእርስዎ ላይ አሁንም ያሻግራል፣ አይደለም?»

«አላውቅም» አለ ቀያሹ፣ በቀጭኑ።

«እኛ ጋ ሥራው ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስህተትህን የሚነግርህ ሰው መስማት። አስተያየት የማያነብ ሰው መቅጠር አንችልም። እስከሚመጣው ቅዳሜ ይኸን ሣጥን ባዶ አድርገው ይምጡ። ካልሆነ ቦታውን ለሌላ እናወጣዋለን።»

ስብሰባው ተዘጋ። ከሥር ኮምፕረሰሩም ድንገት ጸጥ አለ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሸሹበት ድምፅ ጠፋ። ወንድሟ ስክሪኑ ላይ አፍጧል።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ካርታህ ሰው ገደል ይከታል› ያልሽኝ?»

«ይከታል እኮ» አለችው። ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም።

«ያን ቀን ምሳ አልበላሁም» አላት። «ማታም አልተኛሁም። ገና የመጀመሪያ ካርታዬ ነበር፤ ሰው ጥሩ ነው ይለኛል ብዬ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ። ያቺን መስመር አነበብኩ፣ ዘጋሁሽ።»

«ያቺን መስመር ብቻ?»

«ከዚያ በታችማ ምን ይኖራል ብዬ?»

ስትናገር አለማሽሞንሞኗ ሁልጊዜ ያኮራት ነበር፤ አሁን ግን ያ ኩራት አፏ ውስጥ መረረ። እሱ ላፕቶፑን መተኮሻውን እንደተደገፈ ወደ እሷ ገፋው፣ ከሣጥኑ ታች የመጀመሪያውን አስተያየት ከፈተ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አንብቢልኝ። እኔ አልችልም።»

አነበበችለት። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ቀስ እያለች ነው ያነበበችው።

«‹ካርታህ ሰው ገደል ይከታል። ከምዕራቡ በር ወደ ዋሻው ያለው መንገድ መሃሉ ላይ ተቆርጧል፤ ሄጄበት ወድቄያለሁ። ሌላ ሰው ካርታ ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር። ይህን የሠራው ሰው ግን ቦታውን በእግሩ እንደዞረው ያስታውቃል፤ እስከዛሬ ካየኋቸው ይህን ያህል የተለፋበት የለም። ስለዚህ አንድም ስህተት እስከማይቀርበት ድረስ አልለቅህም።›»

ወንድሟ በሸሚዙ እጅጌ ፊቱን ጠረገ። ከማድ ቤት የእናታቸው ቢላ ቀጥ ብሏል፤ እያዳመጠች ነው። እሱ ወንበሩን ስቦ ከእህቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠ።

«ቀጥሎ ያለውስ ምን ይላል?»

«ቀጥሎ ያለው ድልድዩ ነው።»

«በይ እትዬ» አላት፣ «ድልድዩን ንገሪኝ።»